ከብርቅዬ ማዕድናት ወሬ የቀረው ሴሪየም፦ ካታሊስትን በኮምፒውተር ማጥናት ለአዳማ ምን ይፈይዳል?

ቻይና እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ሰባት ብርቅዬ የምድር ማዕድናት ያለ መንግሥት ፈቃድ ወደ ውጭ እንዳይላኩ ከወሰነች ወዲህ፣ ከኬሚስቶችና ከማዕድን ነጋዴዎች በቀር ብዙ ሰው የማያነሣቸው ስሞች የዜና ርዕስ ሆነዋል። በኦክቶበር አምስት ተጨማሪ ማዕድናት ወደ ዝርዝሩ ገቡ። በኖቬምበር ከአሜሪካ ጋር ከተደረገው ድርድር በኋላ የኦክቶበሩ እርምጃ ለአንድ ዓመት እንዲቆም ተደረገ፤ የኤፕሪሉ የፈቃድ ግዴታ ግን ቀጠለ።

በአገራችን ስለ ጉዳዩ የሚባለው ብዙ ጊዜ ይደበላለቃል። በጉጂ ቀንጢቻ የሚገኙት ሊቲየምና ታንታለም፣ ሌላ ቦታ የሚወጣው ኮባልትም ጭምር፣ በአንድ ላይ “ብርቅዬ ማዕድናት” ሲባሉ ይሰማል። ሦስቱም ለባትሪና ለኤሌክትሮኒክስ እጅግ ተፈላጊ ናቸው፤ ከብርቅዬ የምድር ማዕድናት ቤተሰብ ግን አንዳቸውም አይደሉም። ወሬው ሁሉ የሚያጠነጥነው በማግኔት ዙሪያ መሆኑም ሌላ መጋረጃ ፈጥሯል። ከዚህ ቤተሰብ በብዛት የሚገኙት ሴሪየምና ላንታነም ከዋና ሥራዎቻቸው አንዱ ኬሚካላዊ ለውጥን ማፋጠን ነው፤ ስለ እነሱ የሚጽፍ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ሁለቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕደው በሚሠሯቸው ኦክሳይዶች፣ በኮምፒውተር በሚጠኑበት መንገድና እንደ አዳማ ባለ የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ከተማ ሊኖራቸው በሚችለው ፋይዳ ላይ ነው። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ይነገር፦ ኢትዮጵያ በዚህ መስክ ማዕድን እስክታገኝ መጠበቅ የለባትም፤ በስሌት የሚገኘው ዕውቀት በር ክፍት ነው። በበሩ ገብቶ ፍሬ ለማግኘት ግን የስሌቱን ስሕተት ጠንቅቆ ማወቅና ከላቦራቶሪ ጋር ማሰር ያስፈልጋል።

ከአሥራ ሰባቱ የትኞቹ?

ብርቅዬ የምድር ማዕድናት የሚባሉት 17 ንጥረ ነገሮች ናቸው። አሥራ አምስቱ ከላንታነም እስከ ሉቴቲየም ያሉት ላንታናይዶች ሲሆኑ፣ ስካንዲየምና ኢትሪየም በጠባይ ስለሚመስሏቸው ይጨመራሉ። የኤፕሪሉ ዝርዝር ሳማሪየምን፣ ጋዶሊኒየምን፣ ቴርቢየምን፣ ዲስፕሮሲየምን፣ ሉቴቲየምን፣ ስካንዲየምንና ኢትሪየምን ይዟል። የጠንካራ ማግኔት ዋና ግብዓት የሆነው ኒዮዲሚየም በስም አልተጠቀሰም፤ ማግኔቱ ሲግል ኃይሉን እንዳያጣ የሚጨመሩት ዲስፕሮሲየምና ቴርቢየም ግን ተጠቅሰዋል። ጫናው የተሰማው በዚህ በኩል ነው።

ለአዳማ ሰው ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው አዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ተርባይኖቹ የጎልድዊንድ ሥሪት ናቸው፤ ጄኔሬተራቸው የሚሠራው በቋሚ ማግኔት ነው። ከከተማዋ ዳር ባሉት ኮረብታዎች ላይ ብርቅዬ የምድር ማዕድን ከአሥር ዓመት በላይ ሲሽከረከር ኖሯል ማለት ነው።

ሴሪየምና ላንታነም በሁለቱም ዝርዝሮች ውስጥ የሉም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እጥረት የለባቸውም። ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር የሚቀራረብ ነው። ማዕድናቱ በአንድ ዓለት ውስጥ ተደባልቀው ስለሚገኙ ኒዮዲሚየም ፈልጎ የሚቆፍር ሁሉ ሳይፈልግ ሴሪየምና ላንታነም ያወጣል። በካሊፎርኒያው ማውንቴን ፓስ ማዕድን ውስጥ ከብርቅዬ ማዕድናቱ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የማግኔት ፍላጎት ባደገ ቁጥር የእነሱ ትርፍ ክምችት ይጨምራል፤ ዋጋቸውም ዝቅ ይላል። ለደሃ አገር ተመራማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ጥሬ ዕቃው ርካሽ ነው፣ ዋጋ የሚጨምርለትም ዕውቀቱ ነው።

ሴሪያ ምን ያደርጋል?

ካታሊስት ማለት ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን፣ በለውጡ መጨረሻ ግን ራሱ ሳይጠፋ የሚገኝ ቁስ ነው። ለውጡ እንዲካሄድ መታለፍ ያለበትን የኃይል እንቅፋት ዝቅ የሚያደርግ ሌላ መንገድ ይከፍታል። በብዛት የሚታወቀው የሴሪየም ኦክሳይድ (ሴሪያ) አገልግሎት በቤንዚን መኪና ውስጥ፣ ከሞተሩና ከማርሚታው መካከል በሚገጠመው የጭስ ማጣሪያ ነው። መሣሪያው በአሜሪካ ከ1975 ሞዴል መኪኖች ጀምሮ በስፋት ገባ፤ ሴሪያ የተጨመረበት በ1980ዎቹ ነው። በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አሉ። ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ነዳጅን ያቃጥላል፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ደግሞ ኦክስጅናቸውን ነጥቆ ወደ ናይትሮጅን ይመልሳል።

ችግሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኦክስጅን ሲፈልጉ ሦስተኛው የኦክስጅን መብዛት የሚጎዳው መሆኑ ነው። ሁሉም የሚስማሙት አየርና ቤንዚን በክብደት 14.7 ለ1 ገደማ ሲመጣጠኑ ብቻ ነው፤ በመንገድ ላይ ያለ መኪና ደግሞ ይህን ልኬት ሳያዛንፍ አይሄድም። ሴሪያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ለኦክስጅን እንደ ጎተራ ያገለግላል፤ ሲተርፍ ያስገባል፣ ሲያጥር ያወጣል።

ይህን የሚያስችለው የሴሪየም አዮን በቀላሉ ከአራት ፖዘቲቭ ቻርጅ ወደ ሦስት፣ ከሦስትም ወደ አራት መመላለሱ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ በሴሪያ ገጽ ላይ ሲያርፍ ከክሪስታሉ አንድ የኦክስጅን አቶም ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። በቦታው የኦክስጅን ክፍተት ይቀራል። አቶሙ ትቷቸው የሄደው ሁለት ኤሌክትሮኖች በሁለት የሴሪየም አዮኖች ላይ ያርፋሉ። ከጭሱ ውስጥ ያለ ኦክስጅን ቆይቶ ክፍተቱን ይሞላና ዑደቱ ይደገማል። ይህ አካሄድ ማርስና ቫን ክሬቭለን በተባሉ ተመራማሪዎች ስም ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ለሌላ ኦክሳይድ ነበር ያቀረቡት። ዚርኮኒየም ሲቀላቀልበት ሴሪያው ከፍተኛ ሙቀትን ይበልጥ ይቋቋማል፤ የውስጥ ኦክስጅኑም በቀላሉ ይንቀሳቀሳል። በተጨማሪ ሴሪያ ውዱን ፕላቲነም በተናጠል አቶም ደረጃ ይዞ እንዳይሰባሰብ ሊያደርገው እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሥራ አሳይቷል፤ በአየር ውስጥ እስከ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ነበር የታየው።

ስለዚህ ስለ ሴሪያ የሚነሣው ዋና ጥያቄ “ክፍተቱን ለመፍጠር ስንት ኃይል ይጠይቃል?” የሚል ነው። ብዙ ከጠየቀ ኦክስጅኑን አይሰጥም፤ እጅግ ጥቂት ከጠየቀ ደግሞ መልሶ አይቀበልም። ጥሩ ካታሊስት የሚገኘው በመካከል ነው፤ መካከሉን ለማግኘት ደግሞ በየአቶሙ ደረጃ ማየት ግድ ይላል።

በኮምፒውተር ማጥናት ሲባል

ይህን ለማየት በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ዴንሲቲ ፈንክሽናል ቲዮሪ ይባላል። መነሻው የኳንተም ሜካኒክስ ሕግ ነው። የብዙ ኤሌክትሮኖችን እንቅስቃሴ በአንድ ላይ አስልቶ መጨረስ ከማንኛውም ኮምፒውተር አቅም በላይ ነው። ዋልተር ኮህን ከፒየር ሆሄንበርግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1964፣ ከሉ ሻም ጋር ደግሞ በ1965 ያሳዩት፣ የእያንዳንዱን ኤሌክትሮን መንገድ ከመከተል ይልቅ ኤሌክትሮኖቹ በየቦታው ያላቸውን ጥግግት ብቻ አውቆ የቁሱን ኃይል ማስላት እንደሚቻል ነው። ኮህን ለዚህ ሥራ በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከጆን ፖፕል ጋር ተካፈለ።

ተመራማሪው የሴሪያን ገጽ ከጥቂት ደርዘን እስከ ከመቶ በላይ በሆኑ አቶሞች ይሠራል። በብዛት የሚመረጠው ከሁሉ ይበልጥ የማይናወጠውና በቁጥር 111 የሚለየው ገጽ ነው። ከዚያ አንድ ኦክስጅን ያወጣል፣ የኃይሉን ልዩነት ያሰላል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ያስቀምጣል፣ ምን ያህል እንደሚጣበቅ ይለካል። በመጨረሻም አንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የሚያልፈውን ከፍተኛ የኃይል ነጥብ ይፈልጋል። ከሴሪየም 58 ኤሌክትሮኖች በስሌቱ ውስጥ በዝርዝር የሚገቡት አሥራ ሁለት ያህሉ ናቸው፤ የቀሩት ከኒውክሊየሱ ጋር በአንድ ይጠቃለላሉ። ይህም ሆኖ ሥራው ከባድ ነው። በተለመደው አሠራር የአቶሞቹ ቁጥር በእጥፍ ሲጨምር የስሌቱ ጊዜ ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል።

አዲስ ካታሊስት በሙከራ ብቻ መፈለግ ዕቃውን አዘጋጅቶ፣ አሙቆ፣ ጋዝ አሳልፎ፣ ውጤቱን መለካትን ይጠይቃል። ውጤቱ ጥሩ ሲሆን “ሠራ” ይላል፤ “ለምን ሠራ” የሚለውን ግን በራሱ አይመልስም። የስሌቱ ትልቁ ጥቅም ይህን ለምን ማሳየቱ ነው።

የሴሪየም አስቸጋሪ ኤሌክትሮን

በዚህ ዘዴ ብዙ ብረቶች በቀላሉ ሲጠኑ ሴሪያ ለረጅም ጊዜ አስቸግሯል። ምክንያቱ 4ኤፍ የሚባለው የኤሌክትሮን ደረጃ ነው። ኦክስጅን ሲወጣ የሚቀሩት ኤሌክትሮኖች በእውነቱ ዓለም በተወሰኑ የሴሪየም አዮኖች ላይ ይቀመጣሉ። ተራው የስሌት ዘዴ ግን አንድ ኤሌክትሮን ከራሱ ጋር ጭምር እንደሚገፋፋ አድርጎ የሚቆጥር ጉድለት ስላለበት፣ ኤሌክትሮኑን በብዙ አዮኖች ላይ በትኖ ያሳያል። የተገኘው ውጤት ሴሪያን ወደ ብረት የተጠጋ ያስመስላል፤ ስሕተቱም ከኃይል ልዩነቱ እስከ ኬሚካላዊ ጠባዩ ይዘልቃል።

መፍትሔ ተብሎ የተያዘው በፊዚክስ ሊቁ ጆን ሀባርድ ስም የሚጠራውን ማስተካከያ መጨመር ነው። በቀመሩ ውስጥ ‘ዩ’ የምትባል አንዲት ቁጥር ትገባለች፤ ኤሌክትሮኑ በአንድ አዮን ላይ እንዲሰበሰብ ታደርጋለች። ለሴሪያ ብዙዎች ከ4.5 እስከ 5 ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ ያለ ኃይል የሚለካበት መስፈሪያ) የሚሆን ዋጋ ይሰጧታል። ተመራማሪዎች የሚለያዩት በዚህ ቁጥር አመራረጥ ላይ ነው። አንዳንዶች ከላቦራቶሪ መለኪያ ጋር እስኪገጥም ያስተካክሏታል። ሌሎች ይህ መልሱን አስቀድሞ ማስገባት ነው ብለው ከስሌቱ ራሱ ሊያወጧት ይሞክራሉ። ሦስተኛው ወገን ማስተካከያውን ትቶ ሃይብሪድ የሚባሉትን ይበልጥ ትክክለኛ ዘዴዎች ይመርጣል፤ ዋጋቸው ግን ብዙ እጥፍ የኮምፒውተር ሰዓት ነው። የክሪስታሉን ስፋት በትክክል የሚሰጥ ‘ዩ’ ኦክስጅን ለማውጣት የሚያስፈልገውን ኃይል በትክክል ላይሰጥ ይችላል፤ አንድ ቁጥር ለሁሉም ጠባይ አይበቃም።

ይህ የባለሙያ ጭቅጭቅ ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። የለውጥ ፍጥነት ከኃይል እንቅፋቱ ጋር የተያያዘው በኤክስፖኔንሻል ቀመር ነው። ስለዚህ የ0.1 ኤሌክትሮን ቮልት ስሕተት በክፍል ሙቀት ፍጥነቱን ወደ 50 እጥፍ ያዛባል፤ በ330 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ማለትም በሞቀ የጭስ ማጣሪያ ውስጥ፣ ወደ ሰባት እጥፍ ይወርዳል። የዘዴው የተለመደ ስሕተት ደግሞ ከዚህ አያንስም። እንግዲህ “ይህ ካታሊስት ከዚያኛው አምስት እጥፍ ይፈጥናል” የሚል በስሌት ብቻ የቀረበ አባባል ብዙ ክብደት ሊሰጠው አይገባም። “ዚርኮኒየም ሲጨመር ኦክስጅኑ በቀላሉ ይወጣል” የሚል አዝማሚያ ግን ‘ዩ’ በተለያየ ዋጋ ተሰልቶ ሳይለወጥ ከጸና ሊታመን ይችላል። የማስተርስና የዶክትሬት ሥራዎችን የሚገመግሙ መምህራን መጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባው ይህን ነው፦ ቁጥሩን ትተን አዝማሚያው ጸንቷል ወይ?

ጥቁር ነጥቦቹ

ስሌትና ሙከራ እንዴት እንደሚራረሙ ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ የሴሪያ ገጽ ምስል ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የአንድን ገጽ አቶሞች ለይቶ በሚያሳየው ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ የተነሡ ምስሎች በሴሪያ 111 ገጽ ላይ በመስመር የተሰለፉ ጥቁር ነጥቦችን አሳዩ። ነጥቦቹ የኦክስጅን ክፍተቶች ናቸው ተባለ፤ ክፍተቶች እየተያያዙ መስመር ይሠራሉ የሚል ሐሳብም ጸና። ለካታሊስት ሥራ ትርጉሙ ትልቅ ነበር፤ ለውጡ የሚካሄድበት ቦታ ታወቀ ማለት ነውና።

ቀጥለው የመጡት ስሌቶች ግን ከምስሎቹ ጋር አልገጥም አሉ። በስሌቱ መሠረት ነጠላ ክፍተት ከላይኛው ገጽ ይልቅ ከሥሩ ባለው የኦክስጅን ረድፍ መቀመጥን ይመርጣል፤ ጎን ለጎን ያሉ ክፍተቶችም ይገፋፋሉ እንጂ አይሰለፉም። እንዲህ ያለ ግጭት ሲፈጠር ሙከራውን ማመን የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ተገቢ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን በገበያ የሚሸጡ የሴሪያ ክሪስታሎች ፍሎሪን እንዳለባቸው ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2014 የቀረበ ስሌት ደግሞ ብዙዎቹ ነጥቦች ክፍተት ሳይሆኑ በኦክስጅን ቦታ የገባ ፍሎሪን ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳየ። የፍሎራይድ አዮን በስፋቱ ከኦክሳይድ አዮን ጋር ይቀራረባል፤ ቻርጁ ግን በአንድ ያንሳል። ስለዚህ በአጠገቡ አንድ ባለ ሦስት ቻርጅ ሴሪየም ይፈጥራል፤ በማይክሮስኮፕም ከክፍተት ጋር ለመምታታት አይቸገርም።

ከዚህ ታሪክ ማይክሮስኮፕ አይታመንም የሚል መደምደሚያ ማውጣት ትክክል አይሆንም። ፍሎሪን መኖሩን ያወቀው ሌላ ሙከራ ነው። ስሌቱ ያደረገው ጥርጣሬውን ማንሣትና የተለየ ማብራሪያ ማቅረብ ነበር። ተቃራኒ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሴሪያ ያለ ምንም ውድ ብረት አሴቲሊንን መርጦ ወደ ኤቲሊን እንደሚለውጥ በሙከራ ሲታወቅ ብዙዎች ተደነቁ። መጀመሪያ የመጡት ስሌቶች እንከን የሌለውን ገጽ ይዘው ነበር ያብራሩት። በኋላ የወጡ ሙከራዎችና ስሌቶች ግን የኦክስጅን ክፍተቶች ዋና ሚና እንዳላቸው አመለከቱ። አስሊው ያስቀመጠው ገጽ ከእውነተኛው ጋር ካልተመሳሰለ፣ ስሌቱ ራሱ ምንም ያህል የጠራ ቢሆን መልሱ የሌላ ቁስ መልስ ነው።

ፍሎራይድና የስምጥ ሸለቆው ውኃ

ፍሎሪን ከሴሪየም ጋር እንዲህ መዛመዱ ለስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ሌላ ትርጉም አለው። በአዳማ ዙሪያ፣ በተለይም በወንጂ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ብዙ ፍሎራይድ ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በእጅጉ በሚበልጥ ውኃ ለዓመታት የኖሩ የስኳር እርሻው ሠራተኞች ጥርሳቸው ከመበላሸቱም በላይ አጥንታቸውና መገጣጠሚያቸው እንደተጎዳ በሕክምና ጥናት ተመዝግቧል።

የሴሪየምና የላንታነም ኦክሳይዶች ከውኃ ውስጥ ፍሎራይድን ይይዛሉ። ይህ ሥራ በትክክለኛው አነጋገር ካታሊስትነት አይደለም፤ ፍሎራይዱ በገጹ ላይ ያለውን ሃይድሮክሳይድ ተክቶ ይለጠፋል፣ ገጹ ሲሞላም መታደስ አለበት። ሆኖም የሚጠናው በዚያው ስሌት ነው፤ ገጹ ያው፣ አዮኑም ያው። በአካባቢያችን ውኃ ያለው ተጨማሪ ፈተና ባይካርቦኔት ነው። የስምጥ ሸለቆው ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ሶዲየምና ባይካርቦኔትም የሚበዙበት ነው፤ ባይካርቦኔቱ ከፍሎራይድ ጋር ቦታ ይሻማል። በንጹሕ ውኃ ጥሩ ውጤት ያሳየ ማጣሪያ በወንጂ ውኃ ሊከሽፍ የሚችለው ለዚህ ነው። የትኛው ገጽ ከባይካርቦኔት ይልቅ ፍሎራይድን እንደሚመርጥ መጠየቅ ለዚህ አካባቢ ተመራማሪ የተገባ ጥያቄ ነው፤ ከሌላ አገር መጽሔት ተቀድቶ የመጣም አይደለም። ውኃን ራሱን በስሌት ማስገባት ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ የአጥንት ከሰልን ከመሳሰሉ ርካሽ ማጣሪያዎች ጋር በዋጋ መወዳደሩም ቀላል አይሆንም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የኤሌክትሪክ መኪናን ይጠቅሳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ታዲያ የጭስ ማጣሪያ ኬሚስትሪ ያለፈ ነገር አይደለም ወይ? ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን ክልከላው ቀድመው የገቡትን መኪኖች ከመንገድ አላስወጣም፤ ከጅቡቲ በአዳማ በኩል የሚመላለሱት ከባድ መኪኖችም ናፍጣ ያቃጥላሉ። የማጣሪያ ጠላቱ ብዙውን ጊዜ ነዳጁ ራሱ ነው። እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች እስከ 2005 መጨረሻ ከገበያ የወጣበት አንዱ ምክንያት እርሳስ ካታሊስቱን ስለሚመርዘው ነው። ድኝም ከሴሪያ ጋር ሰልፌት ሠርቶ የኦክስጅን ልውውጡን ያደክማል፤ የነዳጅ ጥራት ደረጃ ሲወጣ ይህ መታየት አለበት።

ከዚህም በላይ የሴሪያ አገልግሎት ከመኪና ሰፊ ነው። በመተሐራና በፊንጫ ከሞላሰስ ኤታኖል የማምረት ልምድ አለ። ኤታኖልን ከውኃ እንፋሎት ጋር አሙቆ ሃይድሮጅን ለማውጣት ኒኬል ወይም ኮባልት የተቀመጠበት ሴሪያ በብዛት ይጠናል። ሚቴንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በአንድ ላይ ወደ ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚለውጠው ሂደት ደግሞ ላንታነም ኦክሳይድ ልዩ ጠባይ ያሳያል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይዞ ኦክሲካርቦኔት ይሆናል፤ ይህም በኒኬሉ ላይ የሚጋገረውን ጥላሸት እየበላ ያጸዳል። ጥላሸት ኒኬልን ከሥራ የሚያስወጣ ዋና ችግር በመሆኑ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ላላት አገር ይህ ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው። “ላቦራቶሪ በሌለበት ስሌት ብቻውን ወረቀት ያበዛል” ይላሉ ተቃዋሚዎቹ። በኮምፒውተር የሚሠራ ምርምር ውድ ኬሚካልና መሣሪያ ስለማይጠይቅ ብዙ ተማሪዎች ወደዚያ ያዘነብላሉ፤ ውጤቱን የሚፈትን ሰው ግን አጠገባቸው ላይኖር ይችላል። ይህ ሥጋት ተገቢ ነው። መልሱ ስሌቱን ማቆም ሳይሆን የጥያቄውን አመራረጥ ማስተካከል ይመስለኛል። አንድ የዶክትሬት ተማሪ በዓለም ላይ መቶ ጊዜ የተሰላውን ንጹሕ የሴሪያ ገጽ ደግሞ ከሚያሰላ፣ በቅርቡ ባለ ላቦራቶሪ ሊዘጋጅ የሚችል ቅልቅል ቢመርጥ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ።

ሦስተኛው ክርክር ስለ አዲሱ የማሽን መማር ዘዴ ነው። ኮምፒውተሩ ከብዙ ሺህ ስሌቶች ተምሮ የአቶሞችን ኃይል በፍጥነት እንዲገምት ማድረግ ስለተቻለ፣ አሮጌው ዘዴ ጊዜው አልፏል የሚሉ አሉ። ፍጥነቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ግምቱ ከተማረበት ስሌት አይሻልም፤ መማሪያው የሴሪየምን ኤሌክትሮን በተሳሳተ ቦታ ካስቀመጠ ስሕተቱ በፍጥነት ይባዛል። ለጀማሪ ቡድን መሠረቱን ማወቅ ይቀድማል።

አቅምና ቀጣዩ መንገድ

ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዳንዶቹ በነጻ ይገኛሉ። ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለው ሶፍትዌር ክፍት ነው፤ ማንም አውርዶ ይሠራበታል፣ ቀመሩንም ያያል። ቫስፕ የተባለው ሌላው ሶፍትዌር ግን የፈቃድ ክፍያ ይጠይቃል። ማቴሪያልስ ፕሮጀክት የተባለው ከ2011 ጀምሮ ያለ የመረጃ ቋት የብዙ ሺህ ቁሶችን ስሌት በነጻ ያቀርባል። በጣሊያን ትሪየስተ የሚገኘው የዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል የሚደግፈው የአፍሪካ የስሌት ትምህርት ቤትም ከ2010 ጀምሮ በአህጉሪቱ ወጣት ተመራማሪዎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል።

በነጻ የማይገኘው የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ፣ የማያቋርጥ ኢንተርኔትና ኮምፒውተሮቹን የሚንከባከብ ቋሚ ባለሙያ ነው። ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ስሌት በአሥረኛው ቀን መብራት ሲጠፋ፣ ፋይሉ በየመካከሉ ካልተቀመጠ ከመጀመሪያው ይጀመራል። አገሪቱ ለቢትኮይን አውጪ ኩባንያዎች ኤሌክትሪክ ስትሸጥ ቆይታለች። ከዚያ ኃይል ጥቂቷን አስተማማኝ መስመር ለምርምር ኮምፒውተሮች መመደብ የሚከብድ አይሆንም፤ ጥያቄው የቅደም ተከተል ነው።

አዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የባቡር መስመር፣ በአቅራቢያዋም የስኳር ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። እዚህ የሚሠራ ቡድን ውድ ማይክሮስኮፕ ባይኖረውም ስሌቱን የሚፈትንበት መጠነኛ መንገድ አለው። ሴሪያን ከዚርኮኒየም ወይም ከላንታነም ጋር ቀላቅሎ በተራ ምድጃ ማዘጋጀት ይቻላል። ሃይድሮጅን እያሳለፉ ቀስ በቀስ በማሞቅ፣ ኦክስጅኑ በስንት ዲግሪ መውጣት እንደሚጀምር የሚለካ መሣሪያ አለ፤ በካታሊስት ላቦራቶሪ ደረጃ ዋጋው መካከለኛ ነው። የቅልቅሎቹ ተራ በዚህ መለኪያ ከስሌቱ ተራ ጋር ከገጠመ፣ ተማሪው ቀጣዩን ቅልቅል ከመሥራቱ በፊት በኮምፒውተር ሊመርጥ ይችላል። ካልገጠመ ደግሞ መጀመሪያ የሚመረመረው ‘ዩ’ ነው፤ ቀጥሎ የገጹ አቀማመጥ፣ ከዚያም በዕቃው ውስጥ ሳይታወቅ የገባ ባዕድ ነገር፣ ፍሎሪንም ጭምር።